ሽማግሌ በመጣ ቀን ወደ ነባሪ የተመለሰ ቤት

አቶ ጌጡ ወልደሰንበት የቤታቸውን ዴስክቶፕ ወደ ነባሪ ቅንብር የመለሱት ሽማግሌ በሚመጣበት ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሆን ብለው አልነበረም። ልጃቸውን ላለመስጠት የጠነሰሱት ተንኮል ነው ተብሎ በአዳማ ከፎቅ ፎቅ ተወርቷል፤ ሐሰት ነው። የሆነው እንዲህ ነው።

በዚያ ዘመን ዴስክቶፕ ማለት ቤቱ ራሱ ነበር። ዴስክ የሚባለው ዕቃ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ካለቀ ቆይቷል። ስሙ ግን ቀርቶ፣ ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ መብራቱ፣ በሩ፣ የቤቱ ሽታና የቤቱ ድምፅ ተጠቃሎ ዴስክቶፕ ይባል ነበር። ሰው ሁሉ የየራሱን እንደ አመሉ ያበጃል። የአንዱ ሳሎን ሐይቅ ዳር ነው፣ የሌላው ስታዲየም። አምስተኛ ፎቅ ያሉት መበለት ሳሎናቸውን ችሎት አድርገውት በየቀኑ ድመታቸውን ይከስሳሉ።

አቶ ጌጡ ደግሞ የመናኸሪያ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ነበሩ። አውቶቡሶቹ ራሳቸውን በራሳቸው ማሰማራት ሲጀምሩ እሳቸው ወደ ቤት ተሰማሩ። ቤት እንደገቡም ቤቱን መናኸሪያ አደረጉት። በየበሩ ላይ የመስመር ሰሌዳ ተንጠለጠለ፤ ኩሽናው ሞጆ፣ መኝታ ቤቱ ቢሾፍቱ፣ መታጠቢያ ቤቱ ሶደሬ ተባለ። ማለዳ ማለዳ ቤቱ በረዳት ድምፅ፣ «ሶደሬ! ሶደሬ! አንድ ሰው የቀረው ሶደሬ!» እያለ ይጣራል። የውጭው በር ካልተፏጨለት አይከፈትም። በሳሎኑ አየር ላይ ደግሞ እሳቸው «አቋራጭ» የሚሏቸው ምልክቶች እንደ ተሰጣ ልብስ ተንጠልጥለው ነበር። ከፊሎቹ ምን እንደሚከፍቱ አቶ ጌጡም ረስተውታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች ወደ ኩሽና ለመሄድ በክንዳቸው እየገፉ ነው የሚያልፉት፤ ክንዳቸው የማይሆን ቦታ ከነካ የሆነ የድሮ የስምሪት ስብሰባ ከመሃሉ ይጀምራል።

ያን ቅዳሜ ማለዳ ወይዘሮ አስናቀች የዶሮውን ሽንኩርት እያቁላሉ ከኩሽና ብቅ አሉና ሳሎኑን አይተው ተንገሸገሹ።

«ጌጡ፣ ዛሬ ሽማግሌ ነው የሚመጣው፤ ተሳፋሪ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?»

«ሰዎቹ ልጅ ሊጠይቁ መጥተው ‹ሶደሬ አንድ ሰው› ሊባሉ ነው? ይሄን ዝባዝንኬህን ሰብስብልኝ። ለአንድ ቀን እንኳ ሰው የሚኖርበት ቤት ይምሰል!»

አቶ ጌጡ አልተከራከሩም። በሆዳቸው ሌላ ነገር ይዘዋል። ሽማግሌዎቹን በክብር ሊቀበሉ፣ በክብር ሊያዳምጡና በክብር «ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» ሊሏቸው ወስነዋል። ከፋሲካ በኋላ ክረምት አለ፤ ከክረምት በኋላ ደግሞ ሌላ ፋሲካ አይጠፋም። ጠያቂው ልጅ፣ ባሕሩ፣ የንብ ሐኪም ነው። «የሰው ሐኪም ቢሆን እሺ፤ የከብትም ቢሆን እሺ። ንብ ታማ አልጋ ይዛ ታውቃለች?» እያሉ ሊፍት ውስጥ ላገኙት ሁሉ ሲናገሩ ከርመዋል። ትርሲት አንድ ልጃቸው ናት። ሾፌር አልባ የጭነት መኪኖች በረሃ ላይ መንገድ ሲጠፋቸው ካርታቸውን የምታርም፣ ሠላሳን የተሻገረች፣ ቁም ነገረኛ ሴት። ባሕሩን ትወደዋለች። ይህን አቶ ጌጡ ያውቃሉ፤ ባያውቁ ይመርጡ ነበር።

«ሳሎኑን አጽዳልኝ» አሉ ለቤቱ።

«ጌታው፣» አለ ቤቱ በረዳት ድምፁ፣ «ማጽዳት ነው ወይስ ወደ ነባሪ መመለስ?»

«ነባሪ ምንድን ነው?»

«ድሮ የነበረው ነው፣ ጌታው።»

አቶ ጌጡ «ድሮ የነበረ» ከተባለ ነገር ክፉ አይጠብቁም። በብፌው ጎን ያለውን ትንሽ መዝጊያ ከፍተው፣ ውስጡ ያለውን ቀይ ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

«ተሳፋሪዎች፣ መጨረሻው ነው!» አለ ረዳቱ። «ዕቃችሁን አትርሱ!» ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

የመስመር ሰሌዳዎቹ እንደ ደረቀ ቅጠል ረገፉ። አቋራጮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሶፋዎቹ ወለሉ ውስጥ ሰመጡ። በምትካቸው አንድ ብቻ፣ ተለጣጭ፣ ነጭ ወንበር ወጣ፤ አጠገቡ ደግሞ የስፖርት ብስክሌት። ግድግዳው ሰማያዊ ሆነና ከወዲያ ጫፍ አንድ ግዙፍ ዓሣ ነባሪ ቀስ ብሎ እየዋኘ መጣ። ስለዚህ ሥዕል የሚነገር ነገር አለ። ቤቶቹን የሚሠራው ድርጅት «ነባሪ» የሚለውን ቃል ለሥዕል ሠሪው ልኮለት፣ ሰውዬው መዝገበ ቃላት ሲያገላብጥ ያገኘው ነባሪ አንድ ብቻ ነበር ይባላል።

«እባክዎ ይታገሱ» አለ አዲስ ድምፅ። ወንድ ነው እንዳይባል ቀጭን፣ ሴት ናት እንዳይባል ወፍራም ነው፤ ዜና የሚያነብ ይመስላል። «ቤትዎ ወደ ነባሪ እየተመለሰ ነው።»

«መልሰው! መልሰው!» ጮኹ አቶ ጌጡ።

«እየመለስኩ ነው።»

«ወደ ነበረበት!»

«ወደ ነበረበት እየመለስኩ ነው።»

ወይዘሮ አስናቀች ከኩሽና ሮጠው ወጡ። ዓሣ ነባሪው በዚያው ቅጽበት በራሳቸው ላይ ሲያልፍ ማማሰያቸውን ጣሉ።

«በስመ አብ! ጌጡ፣ ምን አመጣህብኝ?»

«ሰብስብ አላልሽኝም? ሰበሰብኩ።»

ወደ ድርጅቱ የእርዳታ መስመር ደወሉ። መልስ የሰጠው ማሽን አቶ ጌጡን እስከ መጨረሻ በትዕግሥት ሰማቸውና፣ «ቤትዎን መርምረናል፤ ሙሉ ጤነኛ ነው። ችግሩ እርስዎ ያልተለመዱ መሆንዎ ነው» ብሎ ተሰናበታቸው።

የቀረው ግማሽ ቀን በከንቱ ሩጫ አለቀ። ቤቱ የዶሮ ወጡን ሽታ «ያልታወቀ ሽታ» ብሎ መምጠጥ ጀመረና በምትኩ «ንጹሕ የባሕር አየር» ነፋ። ወይዘሮ አስናቀች በሕይወታቸው እንዲህ ተሰድበው አያውቁም። የአቶ ጌጡ እናትና አባት ሥዕል የነበረበት ግድግዳ ላይ የማይታወቁ ሰዎች ተሰቀሉ፤ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አንድ ውሻ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥርስ ይስቃሉ። ትርሲት ከክፍሏ ወጥታ ዙሪያውን ቃኘችና በሳቅ ፈረሰች። አባቷ ሲያዩዋት ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። ሶፋ ከወለሉ ለማውጣት ያልሞከሩት የለም፤ ቤቱ ግን «ዝግጅቱ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ደርሷል፤ እባክዎ ይታገሱ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ሆኖ ቀትር አለፈ።

በሩ ተንኳኳ።

«ጉዳይዎን ይግለጹ» አለ ቤቱ ለውጭዎቹ ሰዎች።

«ጉዳያችንማ ውስጥ ገብተን ነው የምንገልጸው» የሚል ጎርናና ድምፅ መለሰ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያችሁ? ቤቱ እንኳ ወግ ያውቃል» አለ።

ሦስት ሆነው ገቡ። መሪያቸው አቶ ደመላሽ ናቸው፤ ረጅም፣ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ያለ፣ በአዳማ ሽምግልና ሲነሣ ስማቸው የሚቀድም ሰው። ቀጥለው ወይዘሮ ፋናዬ፣ ምላሳቸው የማይቻል፤ ሸንጎ ቢቀመጡ ዳኛውን የሚያስለቅሱ ሴት። በመጨረሻ አቶ ቢራራ፤ የእሳቸው ሥራ «ልክ ነው» ማለት ነው።

«ቤት ለእንግዳ! ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ አቶ ጌጡ በልማድ። ተናግረው ሳይጨርሱ አንድ ወንበርና አንድ ብስክሌት ብቻ እንዳለ ትዝ አላቸውና ላብ አጠመቃቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ደመላሽ።

«ልክ ነው» አሉ አቶ ቢራራ።

አቶ ጌጡ በልባቸው ወጉን የሠሩትን አባቶች አመሰገኑ። ግን ምስጋናቸው ብዙ አልቆየም። ሽማግሌዎቹ ቆመው ዙሪያውን ማየት ጀመሩ። ዓሣ ነባሪው አለፈ። ወይዘሮ ፋናዬ አንገታቸውን አዙረው እስኪሰወር ሸኙት፤ ምንም አላሉም፤ ከእሳቸው ያልተለመደ ነገር ነበር። አቶ ደመላሽ ግን የቤተሰቡ ሥዕል ፊት ቆሙ።

«እነዚህ ዘመዶቻችሁ ናቸው?»

አቶ ጌጡ «ቤቱ ተበላሽቶብን ነው» ማለት ይችሉ ነበር። ግን አውቶቡስ ተበላሽቶ እንኳ «እየመጣ ነው» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«የባለቤቴ ወገን ናቸው» አሉ።

«ጥርሰ መልካም ዘር ነው። ይሄኛው ስሙ ማን ይባላል?»

ቤቱ ሊረዳ ፈልጎ ከሥዕሉ ሥር ጽሑፍ አወጣ። ናሙና አንድ፣ ናሙና ሁለት፣ ናሙና ሦስት።

«ናሙና... ናሙና ይባላል» አሉ አቶ ጌጡ። «አጎቷ ነው።»

«ናሙና! እንዲህ ያለ ስም ሰምቼ አላውቅም። እነዚህስ?»

«እነሱም ናሙና ናቸው። የቤተሰብ ስም ነው።»

«ውሻውም ናሙና ነው ይላል» አሉ ወይዘሮ ፋናዬ ተጠግተው እያነበቡ።

«በጣም ይወዱት ነበር።»

ከኩሽና በኩል የሆነ ክዳን በኃይል ወደቀ። ወይዘሮ አስናቀች ከትርሲት ጋር እዚያ ሆነው ነገሩን እየሰሙ ነበር።

አቶ ደመላሽ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ንግግራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ በዚያች ቅጽበት ቤቱ ደስ ብሎት ቃጨለ።

«ዝግጅቱ ተጠናቋል! እንኳን ደስ አላችሁ። ለመጀመር ያህል፣ እዚህ ካላችሁት መካከል ኃላፊው ማን ነው?»

አቶ ጌጡ አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን ሽማግሌ ቆሞ እያለ ማን ይቀድማል? ለአክብሮት ብለው አንዲት ትንፋሽ ያህል ጠበቁ። አቶ ደመላሽ ደግሞ የሽማግሌዎቹ መሪ ማን ነው የተባሉ መሰላቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ደመላሽ እባላለሁ።»

«ወደ ቤትዎ እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ደመላሽ!» አለ ቤቱ። ነጩ ወንበር ተንሸራትቶ መጣና ከጉልበታቸው በስተኋላ ገፋ አድርጎ አስቀመጣቸው። «አብረዎት ያሉት እንግዶች ናቸው?»

«የለም፣ የለም!» አሉ አቶ ጌጡ። «የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ!»

«ይቅርታ፣ እንግዳ። ኃላፊው እየተናገሩ ነው።»

«ምንም አልተናገሩም እኮ!»

«ሲናገሩ እሰማለሁ።»

በዚህ መሃል ከኩሽና የወይዘሮ አስናቀች ድምፅ መጣ። «ጌጡ! መሶቡን ያስቀመጥኩበት ቁም ሣጥን አልከፈት አለኝ! ምሳ እንዲወጣ ኃላፊው ይፍቀዱ ነው የሚለኝ! ኃላፊው ማን ነው?»

አቶ ጌጡ ወደ አቶ ደመላሽ ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ።

«አቶ ደመላሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዴስክቶፑ ዛሬ ወደ ነባሪ ተመልሶብኝ ነው። እባክዎ ‹ኃላፊነቱን ለጌጡ አስተላልፌአለሁ› ይበሉት።»

አቶ ደመላሽ «እሺ፣ ምን ገዶኝ» ብለው ሊናገሩ ነበር። ወንበሩ ግን በዚያን ጊዜ ጀርባቸውን ማሸት ጀመረ። ዐይናቸው ፈዘዝ አለ። ሳሎኑን አዩ፤ ቆመው የሚጠብቋቸውን ሦስት ሰዎች አዩ። ፊታቸው ላይ አቶ ጌጡ ያልወደዱት አንድ ነገር መጣ።

«አቶ ጌጡ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «በዚህ ከተማ ያልቆምኩበት ሳሎን የለም። በእኔ ሽምግልና የተዳረውን ቁጠር ብትለኝ አልችልም። ሁልጊዜ ቆሜ ነው። ሁልጊዜ ለማኝ ነኝ። ‹እስቲ እናስብበት› ይሉኛል፣ ‹ዘመድ እናማክር› ይሉኛል፣ ውሻም ለቀውብኝ ያውቃሉ። እግዜር የሰጠኝ አራት ወንድ ልጅ ነው፤ አንዲት ሴት ልጅ የለችኝም። በዚህ ወገን አንድም ቀን ተቀምጬ አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አንድ ጊዜ ልቀመጥ። አንድ ጊዜ ብቻ። የመጣችሁበትን ጉዳይ ንገሩኝ።»

«ማን? እኔ?»

«ከመካከላችሁ መሪው ማን ነው?» አሉ አቶ ደመላሽ እግራቸውን አጣጥፈው።

አቶ ጌጡ ወይዘሮ ፋናዬን ተመለከቱ። ወይዘሮ ፋናዬ ትከሻቸውን ሰበቁ። «ወንበሩ ላይ ያለው እሱ ነው፤ ምን ላድርግዎ? ይናገሩ እንጂ! ሽማግሌ ቆሞ ዝም አይልም። ደግሞ ይችን ነገር ቶሎ ካልጨረስናት የዶሮው ነገር አልቆለታል።»

«ልክ ነው» አሉ አቶ ቢራራ።

አቶ ጌጡ በገዛ ሳሎናቸው መሃል ቆሙ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። በመጨረሻ ሽማግሌዎች እንደሚያደርጉት ፊት ለፊት አጣመሩት።

«እንግዲህ... ልጅዎን... ማለቴ ልጄን... ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣን።»

«ልጁ ማን ነው?»

«ባሕሩ ይባላል።»

«ሥራው?»

«የንብ ሐኪም ነው።»

አቶ ደመላሽ ከወንበሩ ጋር ወደ ኋላ ተለጠጡ። «የሰው ሐኪም ቢሆን እሺ፤ የከብትም ቢሆን እሺ። ንብ ታማ አልጋ ይዛ ታውቃለች?»

ቃል በቃል የራሳቸው ንግግር ነበር። ሊፍት ውስጥ የተዘራ ወሬ የት እንደሚበቅል አይታወቅም። አቶ ጌጡ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። እንዲህ ተብሎ ሲነገር አስጠሊታ ነው፤ ከራሳቸው አፍ ሲወጣ እንዲህ አስጠሊታ አልነበረም።

«ይህ ንግግር ለእርስዎ አይገባም» አሉ።

«ለምን? ብልህ ሰው ነው የተናገረው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ብልህ አይደለም! ምቀኛ ነው!» አሉ አቶ ጌጡ። ድምፃቸው እንደ ድሮው፣ አውቶቡስ ሲያሰማሩ እንደነበረው ከፍ አለ። «ንብ እንዴት አትታመም? ባለፈው ክረምት እዚህ ሕንፃችን ደጃፍ ላይ የንብ መንጋ ሰፍሮ ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ እኔም ስሸሽ፣ ይህ ልጅ እጁን ሰድዶ፣ እንደ ሕፃን እያባበለ፣ ንግሥቲቱን በመዳፉ ይዞ ሲወጣ በመስኮት አይቻለሁ። ‹አይዞሽ፣ ደክሞሽ ነው› እያለ ነበር። ለንብ አይዞሽ የሚል ሰው ለሚስቱ ምን ሊላት ነው? ደግሞ ትርሲት አጠገቡ ቆማ ነበር። አልሸሸችም። አባቷ መስኮት ዘግቶ ሲያይ፣ እሷ ቆማ ትስቅ ነበር።»

«ሳቅ ማለት...»

«አልጨረስኩም! ልጄ ስታድግ ቤት ውስጥ የማትሰማ ልጅ ነበረች። ገባች ወጣች አይባልም ነበር። ይህን ልጅ ካወቀች ወዲህ፣ ሰሃኑን ቤቱ የሚያጥበው ሆኖ ሳለ፣ እሷ በእጇ ካላጠብኩ ትላለች። ለምን? ስታጥብ ትዘፍናለች! ድምፅዋ አስቀያሚ ነው፤ ከእኔ ነው የወረሰችው። እኔ ግን ቢሾፍቱ... መኝታ ቤት ማለቴ ነው፣ እዚያ ተኝቼ እሰማታለሁ። እንዳታቆም ብዬ ሳል እንኳ አልስልም። እናም አቶ ደመላሽ፣ ይህን ልጅ ከዚህ የሚያባርር ሰው ካለ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ!»

ወይዘሮ ፋናዬ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

አቶ ደመላሽ ረጅም ጊዜ አሰቡ። ይህንን ጊዜ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁት እንደኖሩ ከፊታቸው ይታወቅ ነበር።

«መልካም ተናግረሃል» አሉ በመጨረሻ። «እስቲ እናስብበት። ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ።»

«ምን?!»

«እንግዶች እየወጡ ነው» አለ ቤቱ፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ።

ወይዘሮ አስናቀች ማማሰያቸውን እንደያዙ ወጡ። «የገዛ ልጄን፣ በገዛ ቤቴ፣ ለቀጠሮ? አቶ ደመላሽ፣ ሽማግሌ ነዎት ወይስ ቀማኛ?»

«እትዬ አስናቀች፣ ወጉ ነው...»

«ወጉን ከወንበሩ ሲነሡ እንነጋገራለን!»

«ኃላፊው እየተናገሩ ነው» አለ ቤቱ።

አቶ ጌጡ የወንበሩን እጀታ ይዘው መጎተት ጀመሩ፤ ወንበሩም ከነአቶ ደመላሽ ወደ ኋላ ሸሸ። አቶ ቢራራ መሃል ገብተው ለመጀመሪያ ጊዜ «ልክ አይደለም! ልክ አይደለም!» አሉ። ወይዘሮ ፋናዬ ቦታ ፍለጋ ብስክሌቱ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ብስክሌቱም የልብ ትርታቸውን ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር።

በዚህ ሁሉ ግርግር ትርሲት ከኩሽና መውጣቷን ያየ አልነበረም። እጇ በሳሙና አረፋ ርሷል። በጸጥታ ብፌው ጋ ሄደች፤ ትንሿን መዝጊያ ከፈተች፤ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች።

«አሁንም?» አለ ቤቱ፤ ትንሽ የተከፋ ይመስል ነበር። «እሺ። ሁለተኛው ፈጣን ነው።»

ነጩ ወንበር አቶ ደመላሽን ወለሉ ላይ አራግፎ ሰመጠ። መብራቱ ጠፍቶ በራ። ሁሉም ባሉበት ደረቁ።

«ዝግጅቱ ተጠናቋል። እዚህ ካላችሁት መካከል ኃላፊው ማን ነው?»

አቶ ጌጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከወለሉ ላይ አቶ ደመላሽም ከፈቱ። ትርሲት ሁለቱንም በተራ አየቻቸው። ሁለቱም ዘጉት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ትርሲት ጌጡ።»

«ወደ ቤትሽ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ትርሲት። ሌሎቹ እንግዶች ናቸው?»

«አዎ፣ እንግዶች ናቸው።»

ወንበሩ ወጥቶ መጣላት። ተቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ፊት ለፊቷ አምስት ሰው ቆሟል፤ አባቷ መሃል፣ አቶ ደመላሽ ጋቢያቸውን እያራገፉ በቀኝ፣ እናቷ ማማሰያ ይዘው በግራ፣ ወይዘሮ ፋናዬ ከብስክሌቱ ወርደው ከኋላ፣ አቶ ቢራራ ከእሳቸው ኋላ።

«የመጣችሁበትን ጉዳይ ንገሩኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ልጅቷን ራሷን? ሁሉም ወደ አቶ ጌጡ ዞሩ።

አቶ ጌጡ ልጃቸውን አዩ። ወንበሩ ላይ ትንሽ ትመስላለች፤ አገጯን ግን ቀና አድርጋለች። ቅድም ለአቶ ደመላሽ ያን ሁሉ የተናገሩት በንዴት ነበር። ያለ ንዴት መናገር ከባድ ነው።

«ልጃችን ባሕሩ፣» አሉ፣ «የንብ ሐኪም ነው። ጥሩ ሰው ነው። እኔ... እኔ ቀጠሮ ልሰጠው ነበር። አልሰጠውም። አንቺን ለእሱ ብለን መጥተናል፣ ልጄ። ፈቃድሽ ቢሆን።»

«አባዬ፣ ድምፅዋ አስቀያሚ ነው አልክ?»

«ሰማሽ?»

«ሁሉንም ነው የሰማሁት።»

«አስቀያሚ ነው» አሉ አቶ ጌጡ። «አታቁሚ።»

ትርሲት ሳቀች፤ ዐይኗ ግን ሞላ። ቀና ብላ እንደ ትልቅ ሰው፣ ወጉን ሳታጓድል፣ «ጥያቄያችሁን ሰምተናል። ዘመድ አማክረናል። ሰጥተናል» አለች።

«ማንን?» አሉ አቶ ደመላሽ ግራ ተጋብተው።

«ራሴን።»

ወይዘሮ አስናቀች እልል አሉ። ወይዘሮ ፋናዬ ተቀበሏቸው። አቶ ደመላሽ ከጎረነነ ጉሮሮ የማይጠበቅ ቀጭን እልልታ ለቀቁ። ነባሪው ቤት ግን እልልታ የሚባል ነገር አልተማረም ነበር።

«የአደጋ ጩኸት ተሰምቷል!» አለ። «አትደናገጡ! እርዳታ ጠርቻለሁ!» ደወሉ ሕንፃውን አናወጠው። የሌላው ፎቅ ሰው ሁሉ በየበሩ ወጣ። ሕንፃው ሥር በጭንቀት ሲንጎራደድ የነበረው ባሕሩም ደወሉን ሲሰማ ሊፍት አልጠበቀም። ሁሉንም ደረጃ በሩጫ ወጥቶ፣ አንድ ጫማው የሆነ ፎቅ ላይ ቀርቶ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ፣ በተከፈተው በር ዘው ብሎ ገባ።

«ማን ተጎዳ?»

«አንተ ነህ» አሉ ወይዘሮ ፋናዬ። «ሰጥተውሃል።»

ትርሲት ደወሉን አስቆመች፤ ሶፋዎቹን ከወለሉ አስወጣች፤ ቁም ሣጥኑም ተከፈተ። ዶሮው አላለቀለትም ነበር፤ ሽታውን ብቻ ነው ቤቱ የወሰደው። ሲበሉ አቶ ደመላሽ ከአቶ ጌጡ አጠገብ ተቀመጡ፤ ትልቁን ብልት አቀረቡላቸው፤ ይቅርታም ጠየቁ። አቶ ጌጡም «የሚያምር ቀጠሮ ነበር የሰጡት፤ እኔ እንኳ እንዲህ አልሰጥም ነበር» አሏቸው። ይህን ሲሰሙ አቶ ደመላሽ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽማግሌዎቹ ተመርቀው፣ መርቀው ሄዱ። ትርሲት ባሕሩን ልትሸኝና የጠፋ ጫማውን ልታፈላልግ ወረደች። ከመውጣቷ በፊት ለቤቱ፣ «ኃላፊነቱን ለእናቴ አስተላልፌአለሁ» አለችው።

ባልና ሚስት ሳሎኑ መሃል ብቻቸውን ቀሩ።

«ወይዘሮ አስናቀች፣» አለ ቤቱ፣ «ዴስክቶፕዎን እንደሚወዱት ያስተካክሉ። ሐይቅ? ደን? ስታዲየም? ከስድስት ሺህ በላይ...»

«ምንም» አሉ ወይዘሮ አስናቀች።

«‹ምንም› የሚል ገጽታ አላገኘሁም።»

«ሁሉንም አጥፋው ማለቴ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ።»

የግድግዳው ባሕር ደረቀ፤ ሰማያዊው ለቀቀ፤ የናሙና ቤተሰቦች ከነውሻቸው ሄዱ። የቀረው ግድግዳ ብቻ ነበር። በመስኮት የገባው የአዳማ የማታ ፀሐይ በላዩ ላይ አረፈ። ሁለቱም ተጠግተው አዩት።

«ለካ ቢጫ ነው» አሉ አቶ ጌጡ።

«ቢጫ ነው እንጂ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለ ቢጫ የቀባው? ወዲያና ወዲህ አንድ አይደለም እኮ፤ ጥጉ ጋ ደግሞ አንጠባጥቦታል።»

ወይዘሮ አስናቀች ዞር ብለው አዩአቸው። «አንተ ነህ። ቤቱን የተረከብን ሰሞን፣ ትርሲት ሆዴ ውስጥ እያለች። ቀለም ቀቢ አያስፈልግም ብለህ፣ መሰላል ተውሰህ።»

አቶ ጌጡ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ሸካራ ነው። የቀኑን ሙቀት ይዟል።

«ያምራል» አሉ።

«ጥጉ ያስጠላል» አሉ ወይዘሮ አስናቀች፤ ነገር ግን ሄደው ከአጠገባቸው ቆሙ።